ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚደወል ቁጥር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል። በቴሌቪዥኑ መስኮት አንዲት አቅራቢ ብቻዋን ቆማለች። ከጎኗ ባለው ሰሌዳ ላይ አንድ ፊደል የጎደለው ቃል ተጽፏል፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ሊሞላው ይችላል። ከቃሉ በላይ የሽልማቱ ገንዘብ፣ ከታች የስልክ ቁጥሩ ይብለጨለጫል። አቅራቢዋ ትለምናለች፣ ትቆጣለች፣ ወደ ኋላ ትቆጥራለች። መስመሩ ክፍት እንደሆነ፣ የሚደውል ሰው እንደጠፋ፣ ሽልማቱ ሊያመልጥ እንደሆነ ደጋግማ ትናገራለች። አምስት ደቂቃ ያልፋል፤ ሩብ ሰዓት ያልፋል። ለዚያ ቀላል ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ድምፅ ግን አይሰማም።

በአውሮፓ ይህ ትዕይንት ለዓመታት በየሌሊቱ ይታይ ነበር። ኖይን ላይቭ የተባለው የጀርመን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 ድረስ የኖረው በዚሁ ነው። በብሪታንያ ኩዊዝማኒያና ዘ ሚንት የሚባሉ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ አይቲቪ የተባለው ትልቅ የንግድ ጣቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዚሁ ሥራ ብቻ አይቲቪ ፕሌይን ከፈተ። ኔዘርላንድስም ቤልጅየምም የየራሳቸው ነበራቸው። የአረብኛ የሳተላይት ጣቢያዎችም እንዲሁ ደውሉና ተሸለሙ ይሉ ስለነበር፣ በኢሉባቦር በኡካ፣ በመቱ፣ በጎሬም ሆነ በቡሬ ዲሽ ያስተከለ ሰው ሌሊት ጣቢያ ሲቀያይር ዓይኑ ሳያርፍባቸው አልቀረም። ቋንቋው ባይገባው እንኳ ጥያቄው ቀላል፣ ገንዘቡ ብዙ፣ የሚመልስ ሰው ግን የሌለ መሆኑ ይገባዋል።

ታዲያ መላሹ ወዴት ሄደ? በእነዚያ አገሮች በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች አለ። ከመካከላቸው ያንን አንድ ፊደል የሚያውቅ እንዴት ይጠፋል? የእንቆቅልሹ መልስ የወጣው በአንድ ቀን አልነበረም። ጥቂቱን የምክር ቤት አባላት፣ ጥቂቱን ጋዜጠኞች፣ ጥቂቱን ደግሞ የሒሳብ ሰው አወጡት። ፍለጋውን እስከ መጨረሻው የተከተለ ሰው ደግሞ ባልጠበቀው ቦታ፣ መቱ ከተማ ላይ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ፍንጭ፦ ሒሳቡ

ነገሩ መፈታት የጀመረው ከጥያቄው ሳይሆን ከስልክ ሒሳቡ ነው። በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቁጥር እንደ ጎረቤት ስልክ ያለ ተራ ቁጥር አልነበረም። ዋጋው ከመደበኛው ጥሪ የላቀ ነበር። በኖይን ላይቭ አንድ ጥሪ 49 ሳንቲም ዩሮ፣ በኋላም 50 ሳንቲም ያስከፍል ነበር፤ በአይቲቪ ፕሌይ 75 ፔንስ። ገንዘቡን የስልክ ኩባንያው፣ መስመሩን የሚያስተዳድረው ድርጅትና ጣቢያው ይከፋፈሉታል።

ዋናው ነገር ክፍያው መቼ እንደሚቆረጥ ነው። ሰውየው ስቱዲዮ ባይገባም፣ መልሱን ባይናገርም፣ «ይቅርታ፣ አልተመረጡም» የሚል የተቀዳ ድምፅ ብቻ ሰምቶ ቢዘጋም ይከፍላል። እንግዲህ በአንድ ሰዓት ውስጥ 6,000 ሰው ደወለ እንበል። በ50 ሳንቲም ሲሰላ 3,000 ዩሮ ይሆናል። ሽልማቱ 500 ዩሮ ከሆነ፣ ለአንዱ ተከፍሎ 2,500 ይቀራል። የተሸነፉት 5,999 ሰዎች እያንዳንዳቸው ያጡት ግማሽ ዩሮ ነው፤ ለግማሽ ዩሮ ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም ደግሞ የለም። የሥራው ኃይል የተቀመጠው እዚህ ላይ ነበር። ኪሳራው እጅግ ብዙ ሰው ላይ ስለሚበተን ለማንም ጥቃት መስሎ አይታይም።

ከዚህ በኋላ የጥያቄው ቅለት ሌላ ትርጉም ይይዛል። የከበደ ጥያቄ ሰው ያሳስባል፤ የሚያስብ ሰው ደግሞ ስልኩን አስቀምጦ ይቆያል። የቀለለ ጥያቄ ግን ወዲያው ያስደውላል። ጥያቄው እንዲቀል የተደረገው የደዋዩ ቁጥር እንዲበዛ ነው።

ሁለተኛው ፍንጭ፦ ዝምታው

ቀጥሎ የተገለጠው ያ አሳሳች ዝምታ ነበር። አቅራቢዋ ማንም አልደወለም በምትልበት ሰዓት ስልኩ ላይ ብዙ ሰው ነበር። ወደ ስቱዲዮ የሚያስገባው በር ግን ተዘግቷል። በኖይን ላይቭ የሚደውለውን ሰው ወደ አየር የሚያወጣው ዘዴ ሆት በተን ይባል ነበር፤ መቼ እንደሚሠራ ተመልካቹ አያውቅም። በዚያች ቅጽበት መስመር ላይ የተገኘ ዕድለኛ ይገባል፤ ከዚያ በፊት የደወሉት ሁሉ ከፍለው ይመለሳሉ። በሌሎች ፕሮግራሞችም የሚደውለውን መቼ ማስገባት እንዳለበት የሚወስነው ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለው አዘጋጅ ነበር።

የሚቆጠረው ሰዓትና የሚጮኸው ደወል፣ በድንገት የሚጨመረው ሽልማትም ለዚህ የተዘጋጁ ነበሩ። ቤቱ የተቀመጠው ሰው በዓይኑ የሚያየው ባዶ መስመር ነው። ተወዳዳሪ የሌለ ስለሚመስለው ዕድሉን ከእውነተኛው እጅግ አብዝቶ ይገምታል። አንድ ጊዜ ደውሎ ሳይሳካለት ሲቀርም አሥር ጊዜ ይደግማል።

ሦስተኛው ፍንጭ፦ የሴት ቦርሳ

እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ጉዳዩ የብሪታንያ ምክር ቤት ደረሰ። የባህል፣ የመገናኛ ብዙኃንና የስፖርት ኮሚቴ የጣቢያ ኃላፊዎችንና ተቆጣጣሪዎችን ጠርቶ ጠየቀ፤ ሪፖርቱንም በጥር 2007 አወጣ። በዚያ ምርመራ ሰሞን ብዙ ሰው ያነጋገረ አንድ ጥያቄ ነበር። ተመልካቾች በሴት ቦርሳ ውስጥ ሊገኙ የሚችሉ ዕቃዎችን እንዲገምቱ ተጠይቀው ነበር። ሰው ሁሉ መስታወት፣ ቁልፍ፣ ማበጠሪያ፣ ሊፕስቲክ ሊል ይችላል። ከትክክለኛ መልሶቹ መካከል ግን ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ኮፍያና ቡሎን ግድግዳ ላይ ለማጥበቅ የሚገባ የፕላስቲክ መሰኪያ ይገኙበት ነበር።

እዚህ ላይ ቀላልነቱ ራሱ ወጥመድ ሆኖ ተገኘ። ጥያቄው ለማንም ክፍት ይመስላል፤ መልሱ ግን አዘጋጁ በወረቀት ጽፎ ካስቀመጠው ዝርዝር ውጪ በምንም አይገኝም። የቀለሉት መልሶች በመጀመሪያ ይወሰዳሉ፤ አንዳንድ ሽልማት ይሰጣል፤ ተመልካቹም ሰው እያሸነፈ መሆኑን አይቶ ይጓጓል። ትልቁ ገንዘብ የተያያዘው ግን ማንም ከማይገምተው መልስ ጋር ነው። የኮሚቴው ጥያቄ ወደ አንድ ነጥብ ተሰበሰበ። ሰው በእውቀቱ የሚያሸንፍበት ውድድር ነው ወይስ ገንዘብ ከፍሎ ዕድሉን የሚሞክርበት ቁማር?

ይህን ጥያቄ ከብሪታንያ ቀድመው ያነሱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ነስር ፈሪድ ዋሲል፣ በአረቡ ዓለም እጅግ የታወቀውን ባለ ሚሊዮን የጥያቄና መልስ ውድድር ቁማር ብለው አውግዘው ነበር። የወቀሳቸው መነሻ ሰው ለመሳተፍ ሲል ለስልክ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። ምክር ቤቱ በሕግ ዓይን፣ ሙፍቲው በሃይማኖት ዓይን ሲመለከቱ፣ ሁለቱም ያረፉት በስልክ ሒሳቡ ላይ ነው።

አራተኛው ፍንጭ፦ ከመዘጋቱ በፊት የተመረጠው አሸናፊ

እስካሁን የተገኘው ሁሉ አሳሳች ነው እንጂ ውሸት ነው ለማለት ይከብድ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2007 ግን ከውስጥ የወጣ የኢሜል መልእክት በጋዜጣ ታተመ። መልእክቱ በቻነል 4 ይተላለፍ የነበረውን የሪቻርድና የጁዲን ፕሮግራም የሚመለከት ነበር። ወደ ውድድሩ የሚገቡት ደዋዮች ዝርዝር ፕሮግራሙ በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተለይቶ ያልቃል፤ አቅራቢዎቹ ግን ተመልካቹ መደወሉን እንዲቀጥል ይጋብዛሉ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የደወለ ሁሉ ገንዘቡን የከፈለው ላለቀ ነገር ነበር።

በሚያዝያ ወር ፓኖራማ የተባለው የቢቢሲ የምርመራ ፕሮግራም ጂኤምቲቪ በተባለው የማለዳ ጣቢያም ተመሳሳይ ነገር ለዓመታት ሲሠራ እንደነበር አጋለጠ። ውድድሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት መስመሩ ሳይዘጋ የመጨረሻ ዕጩዎችን ይመርጥ ነበር። ኦፍኮም የተባለው የብሪታንያ ተቆጣጣሪ ጂኤምቲቪን 2 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። አይቲቪ ፕሌይ በዚያው ዓመት መጋቢት ተዘጋ። በግንቦት 2008 ደግሞ አይቲቪ ራሱ 5.675 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ፤ በዚያ ጊዜ ኦፍኮም እንዲህ ያለ ቅጣት ጥሎ አያውቅም ነበር። ከጥፋቶቹ መካከል አሸናፊን በዕጣ እንደመረጡ እያስመሰሉ፣ በሚኖርበት አካባቢና ለቴሌቪዥን በሚመች አነጋገሩ መምረጣቸው ይገኝበታል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የብሉ ፒተር ጉዳይ ነው። ብሉ ፒተር ቢቢሲ ለሕፃናት የሚያቀርበው ፕሮግራም ነው። በኅዳር 2006 የስልክ ውድድር ሲያካሂድ የገንዘቡ ከፊል በዩኒሴፍ በኩል ለማላዊ ሕፃናት የሚሄድ ነበር። መስመሩ ተበላሸ። አዘጋጆቹም ውድድሩ እንዳይቋረጥ ስቱዲዮ ልትጎበኝ የመጣችን ልጅ እንደ ደዋይ ሆና እንድትመልስ አደረጉ። ቢቢሲ በዚህ 50,000 ፓውንድ ተቀጣ። ለአፍሪካ ሕፃናት ብለው ስልክ ያነሱ ልጆች ሳያውቁ የሐሰት ውድድር ተሳታፊ ሆኑ። የተሰበሰበበት ዓላማ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ የተሰበሰበበት መንገድ ካልታየ መተማመን እንደሚጠፋ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

አምስተኛው ፍንጭ፦ የተሰወረው ቀመር

የቀረው እንቆቅልሽ የቁጥሩ ጨዋታ ነበር። በሰሌዳው ላይ ቁጥሮች ተበታትነው ይታያሉ፤ ትእዛዙ «ሁሉንም ደምሩ» የሚል ነው። ሰዎች ደምረው ይደውላሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ ስህተት ይባላል። በመጨረሻ የሚነገረው ድምር ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ባስታ የተባለ የቤልጅየም ፕሮግራም ይህን ከውስጥ ገልጦ አሳየ። ከቡድኑ አንዱ በአቅራቢነት ተቀጥሮ ውስጥ ገባ፤ ከውጭ ደግሞ በሒሳብ ባለሙያ እርዳታ ከመልሶቹ ተነስተው ቀመሩን ፈቱት። ቀመሩ ተመልካቹ ፈጽሞ ሊደርስበት የማይችል፣ አዘጋጆቹ ብቻ የሚያውቁት ነበር። ፕሮግራሙ በተላለፈ ማግስት ያህል ቪቲኤም የተባለው ጣቢያ እነዚህን ጨዋታዎች አቆመ። በግንቦት መጨረሻ ኖይን ላይቭም የስልክ ጨዋታውን አቆመ፤ በነሐሴ ጣቢያው ራሱ ከአየር ወረደ። ኔዘርላንድስ ቀድማ በ2007 ተላቅቃ ነበር።

በዚህ ሁኔታ የመጀመሪያው ጥያቄ ሙሉ መልስ አገኘ። መላሽ አልጠፋም ነበር። መላሹ መስመር ላይ ሆኖ እየከፈለ፣ በሩ ተዘግቶበት ነበር።

ሌላኛው የጀርመን ምሽት

ፍለጋው እዚህ ቢያበቃ፣ የሩቅ አገር ታሪክ ሆኖ በቀረ። ግን በጀርመንኛ ቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ከኖይን ላይቭ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከብዙ ሰው ጥቂት ገንዘብ የጠየቀ ሌላ ምሽት አለ። ይህን ምሽት ኢሉባቦር ጠንቅቆ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1981 ፍራንክ ኤልስትነር በሚመራው «ቬተን ዳስ» በተባለ የውርርድ ፕሮግራም ላይ አንድ ኦስትሪያዊ ተዋናይ ቀረበ። ካርልሃይንስ በም ነው፤ በሲሲ ፊልሞች የንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍን ገጸ ባሕርይ ተጫውቶ የታወቀ ሰው። ውርርዱ ፕሮግራሙን ከሚያየው ሕዝብ ከሦስት ሰው አንዱ እንኳ በአፍሪካ የሳህል ቀጠና ለተራቡ ሰዎች አንድ ማርክ፣ አንድ የስዊስ ፍራንክ ወይም ሰባት ሺሊንግ አይሰጥም የሚል ነበር። ውርርዱን አሸነፈ፤ የሰጠው ሕዝብ ከአንድ ሦስተኛ በታች ሆነ። የተሰበሰበው ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ነበር።

በም ገንዘቡን ለሌላ ሰው አስረክቦ ቤቱ አልገባም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በሐረርጌ ባቢሌ የተፈናቀሉ ሰዎች የነበሩበትን መጠለያ አየ። ኅዳር 13 ቀን 1981 ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ሥራውንም በኤረር ሸለቆ ጀመረ። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ሲስፋፋ ኢሉባቦር ደረሰ። ዛሬ ከየወረዳው ታማሚ የሚላክበት የመቱ ሆስፒታል የካርልን ስም ይዟል። በአካባቢያችን ትልልቆቹ ሰዎች «ካርል» ሲሉ ስለ አንድ ዘመዳቸው የሚያወሩ ይመስላል።

ሆስፒታሉ በዚያች ምሽት ማርክ ብቻ ቆመ ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ያዋጡ ብዙ ሰዎች አሉ። ግን የነገሩ መነሻ ያ የቴሌቪዥን ምሽት ነው። የሚያስገርመውም በዚያ ምሽትና በኖይን ላይቭ ሌሊቶች መካከል ያለው መመሳሰል ነው። ሁለቱም በአንድ ቋንቋ ተናግረው፣ በአንድ ዓይነት መስኮት ገብተው፣ ከማይታወቅ ብዙ ሰው የማይጎዳ ጥቂት ገንዘብ ጠይቀዋል። ልዩነታቸው ያኛው ገንዘቡ የት እንደሚሄድ መናገሩ፣ የተሰበሰበውን በአደባባይ መቁጠሩ፣ የጠየቀውም ሰው ራሱ ተከትሎ መምጣቱ ነው።

ለእኛ

ይህ ልዩነት ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። እቁብ ውስጥ ዕጣው የሚወጣው ሁሉም ባለበት ነው፤ ዳኛው ስንት ሰው እንደጣለና ስንት ብር እንደተሰበሰበ ሳይናገር ዕጣ የሚያወጣበት እቁብ አንድ ሳምንት አይቆይም። ስልክና ቴሌቪዥን ይህን የመተያየት ልማድ በአጭር ቁጥር ሲተኩት ግን ዳኛው አይታይም፣ ጣዮቹም አይተዋወቁም።

በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ሸቀጥ ለማስተዋወቅ ብሎ ዕጣ የሚያወጣ ድርጅትም ፈቃድ ማግኘት አለበት። የሬዲዮ የጥያቄና መልስ ፕሮግራሞቻችን አብዛኞቹ በተራ የስልክ ዋጋ የሚደወሉና ሽልማታቸውን ስፖንሰር የሚሸፍን በመሆናቸው፣ ደዋዩ ቢሸነፍም ብዙ አይጎዳም። በአጭር ቁጥር ገንዘብ መሰብሰብም በጎ ሥራ ሠርቷል። 8100 ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚዋጣበት ቁጥር ነበር፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ከኡካ የላከ ሰውም ድርሻ እንዳለው ያውቃል። ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ በዓይን የሚታይ ነገር ሆኗል።

በዚያው ስልክ ላይ ግን ሌላም ነገር ይመጣል። የሚያሸልም መስሎ የሚቀርብ መልእክት፣ ሳይታወቅ በየቀኑ ብር የሚቆርጥ አገልግሎት፣ «ዕጣ ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል የማጭበርበሪያ ጥሪ። እነዚህ ከሌሊቱ የአውሮፓ ጨዋታ ጋር አንድ ዓይነት ጥበብ ይጠቀማሉ፤ ያጣድፋሉ፣ ዕድሉ ለአንተ ብቻ የቀረበ ያስመስላሉ፣ የሚወስዱትን ደግሞ ያሳንሳሉ። ጡረታ የሚቀበል አባት ወይም ቡናዋን ሸጣ የስልክ ካርድ የምትሞላ እናት በቀን ሁለት ብር ቢቆረጥባቸው ቶሎ ላያውቁት ይችላሉ፤ ወሩ ሲያልቅ ግን ስልሳ ብር ነው።

የአውሮፓ ታሪክ ያስተማረው መከላከያ ብዙ ትምህርት አይፈልግም። ማንኛውም ቁጥር በመስኮት ሲወጣ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ባልመረጥም እከፍላለሁ? ስንት ሰው ደውሎ ስንቱ ተመረጠ? ገንዘቡ ማን ዘንድ ይደርሳል? የማያውቁት አገልግሎት ብር ሲቆርጥ ደግሞ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ ማስቆም፣ ካልሆነም በ2011 ዓ.ም. ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤት ማለት ይቻላል።

ጥያቄውን ግን ለተመልካቹ ብቻ ጥሎ መሄድ አይገባም። በብሪታንያ የነበረው ቅጣት የመጣው ሕዝቡ ጠንቅቆ ስላሰላ አይደለም፤ ጋዜጠኛ መርምሮ፣ ምክር ቤት ጠይቆ፣ ተቆጣጣሪ ስለቀጣ ነው። እኛም ዘንድ በአጭር ቁጥር ገንዘብ የሚሰበስብ ጣቢያ ሁሉ የአንዱን ጥሪ ዋጋ በጉልህ እንዲጽፍ፣ ውድድሩ ሲያልቅም የተሳተፈውን ሰውና የተሰበሰበውን ብር በዚያው መስኮት እንዲያሳይ ማስገደድ ይቻላል። ለሳህል የተሰበሰበው ማርክ ተቆጥሮ ተነግሮ ነበር፤ ለሽልማት የሚሰበሰበው ብርም ሊቆጠርና ሊነገር ይገባል።